አራተኛው ጎማ

ጥር ሹወይኽ ላይ ሲነጋ፣ ከባሕር የመጣ ጤዛ
የጋራዡን ቆርቆሮ አርሶ፣ የቆመውን ብረት ሲያወዛ፣
በሐምሌ እንቁላል የሚጠብሰው፣ ያ ጉደኛ አስፋልት
ጣት ያቆረፍዳል በጧት።
ቁልፉን ስጨብጠው ይነክሳል፤
ግራሶው ጣሳው ውስጥ እንደ ሻማ ደርቋል፤
ናዚር ጓንቱን እሳት ያሞቃል።

ረዲያ መጣች። የከሚሴ ልጅ ናት፣
ሹፌር ሆና የገባች፣ ሀብታም ቤት፤
ዘጠኝ ዓመት የነዳችው፣ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ያልተነሣለት።
የኔ ብላ የገዛችው ግን ይኼ ነው፤
ነጭ ቶዮታ፣ ጭረቱ እንደ ካርታ፣ ኪሎ ሜትሩን አላህ ይወቀው።

«ጧት ይጮኻል» አለች፣ «ፍሬን ስረግጥ፣ እንደ ታረደ...»
ተወችው።
«ሦስቴ፣ አራቴ ይጮኽና ሁለተኛው መብራት ጋ ዝም።
ዝም ሲል ደስ ይለኛል። ሲጮኽ ነው የምፈራው።»

ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፤
የጮኸውን ይዞ ይመጣል፣ ዝም ያለውን ቤት ትቶ።

«በዚህ ብርድ» አልኳት፣ «ዲስኩ ጤዛ ጠጥቶ ያድራል፣
ሲነጋ ስስ ዝገት ለብሶ ይነሣል፤
ሸራው ሲፍቀው ይጮኻል፣ ፍቆ ሲጨርስ ይተዋል።
ልቅሶ አይደለም፣ ፊት መታጠብ ነው። እርሽው።
ይልቅ ፍሬን ስትይዢ፣ መሪው ወዴት ነው?»

አሰበች። «ወደ ግራ። ትንሽ። ነፋሱ መስሎኝ።»
«ነፋስ በሌለበትስ?»
«መንገዱ መስሎኝ።»
«መንገዱ ደልዳላ ሲሆንስ?»
«እኔ መስሎኝ» አለች።

እስከ ወደቡ በር ነድታ፣ ደጋግማ ረግጣ መጣች።
ሞተሩ ገና ሲያቃስት፣ ጓንቴን አውልቄ ተንበረከክሁ፣
በባዶ እጄ ቸርኬ ቸርኬውን ዳሰስሁ።
የኋላ ግራ፤ ለብ ያለ።
የኋላ ቀኝ፤ ለብ ያለ።
የፊት ግራ፤ ይፋጃል! እጄን መነጨቅሁ።
የፊት ቀኝ፤
እንደ በሩ እጀታ። ሌሊቱ አልወጣለትም።
ሦስቱ ደክመው መጥተዋል፤
አራተኛው እንግዳ ሆኖ ነው የዞረ።

«ይኼንማ ሻጩ ፈቶ አሳይቶኛል!
ክሪክ አስገብቶ፣ ጎማ አውልቆ፣ ‹ሹፊ› ብሎኛል፣
‹ሸራው ጀዲድ፣ ማፊ ሙሽኪላ›። በዓይኔ አይቻለሁ፣ አዲስ ነው።»
ቡሎኑን ፈታሁ። እውነቷን ነው።
ሸራው ወፍራም፣ ጠርዙ እንኳ ያልተነካ፤
ያልሠራ ምንጊዜም አዲስ ይመስላል ለካ።

የካሊፐሩ ፒን ደርቆ፣ ግራሶው እንደ ሞራ ረግቶ፣
ፔዳሉ ቢጣራ ቢጣራ አልሰማም ብሎ ተኝቶ፤
ናዚር በመዶሻ ቢለው፣ ቢለው፣ በስንት መከራ ወጣ፣
በአሸዋና በዝገት ተለውሶ፣
እንደ በሰበሰ መንጋጋ ከነሥሩ የመጣ።

የግራውን ፈታን።
ከብረቱ የሚለየው አንዲት ወረቀት።
ረዲያ ሁለቱን ሸራ በሁለት መዳፏ ይዛ
እንደ ወርቅ ነጋዴ መዘነች።
ቀጭኗን ምንም አላለቻት።
ወፍራሟን አገላብጣ፣ «ወንድሜን ትመስላለች» ብላ ሳቀች፤
ሳቋ እንፋሎት ሆኖ ከአፏ ወጣ።
ስለ ወንድሟ አልጠየቅሁም።
እኔም አለኝ። ወይም እኔው ነኝ፤ ቤት ያሉት ያውቃሉ።

ፒኑን አጥበን ግራሶ ቀባን፣ ሸራውን ግራ ቀኝ ቀየርን፤
ዘይቱ ጠቁሮ ሻይ መስሎ ነበር፣ አፈሰስን፣ ሞላን፣ አየሩን አስወጣን።
«ስንት?» አለች።
የናዚር ዓይን አሥራ አምስት ዲናር አለ፣ የኔ አፍ አሥር።
ስምንት ቆጥራ፣ «ሁለቷን ነገ» አለችና
እንደገና ወደ ወደቡ ነዳች።

ስትመለስ ፀሐይ ወጥታለች፣ ለስሟ ያህል።
ተንበረከክሁ። ከሦስቱ አልጀመርኩም።
የፊት ቀኝ፤
ለብ ብሏል።
«እህ?» አለች በመስኮት።
«ቆይ» አልኳት፣ «ልየው።»
አይቼ ጨርሻለሁ።
ብርድ ነው፤ እጄን እዚያው ትንሽ አቆየሁ።